ቪዲዮ ሲታመቅ ምን ይጠፋል? ምንስ ይተርፋል?

ሐይቅ፦ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ጉዞውን ሲቀጥል የአምባሰል ተራሮች ከፊቱ ይደቀናሉ፤ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ውጫሌም ትከተላለች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ እንደ አየር ጠባዩ ከደጋ እስከ ቆላ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ይመረታል። በእነዚህ ማሳዎች ላይ ዛሬ ከሞፈር፣ ከቀንበርና ከማጭድ ጎን አንድ ሌላ መሣሪያ ይታያል፤ የእጅ ስልክ።

አንድ አርሶ አደር ማለዳ ስንዴውን ሲቃኝ በቅጠሉ ላይ ከዚህ በፊት ያላየው ቢጫ ምልክት አጋጠመው እንበል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ተጠርቶ ይመጣል፤ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር እየዞረ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ለወረዳው የሰብል ጥበቃ ባለሙያም በስልኩ ይልካል። ኔትወርኩ ደካማ ነውና መላኩ ረዥም ሰዓት ይወስዳል። በመጨረሻ ሲደርስና ሲከፈት ማሳው አረንጓዴ ጭጋግ መስሎ ይታያል። ባለሙያው "ዋግ ነው" ለማለትም፣ "አይደለም" ለማለትም ይቸገራል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የስንዴ ዋግ በነፋስ የሚዛመት የፈንገስ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ በ2010 በኢትዮጵያ ስንዴ አምራች አካባቢዎች የተከሰተው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ያደረሰው ጉዳት አይዘነጋም። በጊዜ ያልተረጨ መድኃኒት ምርት ያሳጣል፤ ያለ በሽታው የተረጨ መድኃኒት ደግሞ ገንዘብ ያባክናል። በሁለቱ መካከል ያለው ውሳኔ አንዳንድ ጊዜ በስልክ በተላከ ምስል ላይ ይንጠለጠላል።

ምስሉን ያደበዘዘው የስልኩ ብልሽት አይደለም። ቪዲዮው በመንገዱ ላይ "ታምቋል"። እመቃ የቪዲዮን ክብደት ለመቀነስ ከምስሉ የተወሰነውን መተው ነው። ምን እንደሚተውና ምን እንደሚቀር የተረዳ ሰው ግን በአነስተኛ የዳታ ወጪ የተሻለ ምስል ማድረስ ይችላል።

ያልታመቀ ቪዲዮ ስንት ይመዝናል?

ቪዲዮ በፍጥነት የሚፈራረቁ ፎቶዎች ስብስብ ነው። የተለመደው የእጅ ስልክ በአንድ ሰከንድ 30 ፎቶ ያነሳል። ባለሙያዎች እያንዳንዱን ፎቶ "ፍሬም" ይሉታል። እያንዳንዱ ፍሬም ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው። በተለምዶ 1080 የሚባለው የጥራት ደረጃ በአንድ አቅጣጫ 1920፣ በሌላው 1080 ነጥቦች አሉት። ሁለቱ ሲባዙ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይሆናል።

እህል በኪሎ እንደሚመዘን ሁሉ የዲጂታል መረጃ በባይት ይለካል። አንድ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለሙን ለመመዝገብ ሦስት ባይት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ፍሬም ብቻውን 6 ነጥብ 2 ሜጋ ባይት ገደማ ይመዝናል። በሰከንድ 30 ፍሬም ሲታሰብ ደግሞ 187 ሜጋ ባይት፣ በደቂቃ 11 ነጥብ 2 ጊጋ ባይት ይደርሳል። ምንም ያልታመቀ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ 32 ጊጋ ባይት የሚይዝን ስልክ ጢም አድርጎ ይሞላል ማለት ነው።

በተግባር እንዲህ አይሆንም፤ ስልኩ ቪዲዮውን ገና ሲቀርጸው ያምቀዋል። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ በ1080 ደረጃ በብዙ ስልኮች ላይ ከ100 ሜጋ ባይት በላይ ይመዝናል። ከ11 ጊጋ ባይት ጋር ሲነጻጸር አንድ መቶኛ አካባቢ መሆኑ ነው። በመልእክት መተግበሪያ ሲላክ ደግሞ እንደገና ታምቆ ብዙ ጊዜ ከ10 ሜጋ ባይት በታች ይወርዳል። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ የት ሄደ?

ጆንያን መነቅነቅ እና ምርትን ማዝራት

እመቃ ሁለት ዓይነት ነው። ሁለቱንም ከአውድማ ሥራ ማየት ይቻላል።

ጤፍ በጆንያ ሲሞላ ጆንያው ይነቀነቃል። ሲነቀነቅ በፍሬዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ይጠብና ተጨማሪ ይይዛል፤ አንዲትም ፍሬ አልጠፋችም። የመጀመሪያው የእመቃ ዓይነት ይህን ይመስላል። ተደጋጋሚ መረጃን በአጭሩ ይጽፋል፤ ሲከፈት ግን ሁሉም እንደነበረ ይመለሳል። የጽሑፍና የሒሳብ ሰነዶች የሚታመቁት በዚህ መንገድ ነው፤ ከሒሳብ መዝገብ አንዲት ቁጥር መጉደል የለባትምና።

ሁለተኛው ዓይነት ማዝራት ነው። የተወቃው ምርት በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ሲወረወር ነፋሱ ገለባውን ይወስዳል፣ ፍሬው ይወድቃል። ክብደቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የሄደው ገለባ ግን ተመልሶ አይመጣም። ነፋሱ ልክ ከሆነ የሄደውን የሚፈልገው የለም። ነፋሱ ከበረታ ግን ቀላሉና ጥቃቅኑ ፍሬ ከገለባው ጋር ይሄዳል።

በስልክ የሚቀረጽና የሚላክ ቪዲዮ በሁለቱም መንገዶች ይታመቃል። ከፍተኛውን ቅነሳ የሚያመጣው ግን ሁለተኛው ነው። የጥራትና የመጠን ሚዛን የሚባለውም የዚህ ነፋስ ጉልበት ነው።

ተራራው አይንቀሳቀስም፣ ውኃው አያርፍም

እመቃ መጀመሪያ የሚፈልገው ድግግሞሽን ነው። አንድ ሰው ሐይቅ ዳር ቆሞ ስልኩን ሳያንቀሳቅስ ማዶ ያለውን ተራራ ቢቀርጽ የመጀመሪያው ፍሬምና ሠላሳኛው ፍሬም አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንዱ ሙሉ ፍሬም በሙሉ ይመዘገባል፤ ለተከታዮቹ "ተራራው ባለበት ነው" የሚል አጭር መረጃ ይበቃቸዋል። ጀልባ ቢያልፍ ደግሞ ጀልባው እንደገና አይሳልም፤ "ያ ጀልባ ይህን ያህል ወደ ቀኝ ሄዷል" ተብሎ ይጻፋል። ሙሉው ፍሬም በየተወሰነ ጊዜ እየተደገመ ይመዘገባል፤ በመካከሉ የሚጻፈው ለውጡ ብቻ ነው።

ስልኩ ወደ ውኃው ሲዞር ነገሩ ይለወጣል። የሐይቁ ሞገድ በእያንዳንዱ ቅጽበት፣ በእያንዳንዱ ቦታ መልኩን ይቀያይራል። ካለፈው ፍሬም የሚወሰደው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቪዲዮዎች በጊዜ እኩል ቢሆኑም የውኃው ብዙ መረጃ ይፈልጋል። የተፈቀደው መጠን አነስተኛ ከሆነ ደግሞ ሞገዱ ደብዝዞ ወይም ተቆራርጦ ይታያል።

በነፋስ የሚወዛወዝ የማሽላ ማሳም እንደ ውኃው ነው። ሺህ ቅጠል በሺህ አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። በእርምጃ ላይ ሆኖ የተቀረጸ ቪዲዮም እንዲሁ፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ በሙሉ ይንቀጠቀጣልና ለእመቃው ሁሉም ነገር አዲስ ይሆንበታል። የተፈቀደለትን መጠን እንቅስቃሴውን ለመከተል ያውለዋል፤ ለቅጠሉ ዝርዝር የሚተርፍ አይኖረውም። በመግቢያው የተጠቀሰው ባለሙያ ማሳውን እየዞረ በመቅረጹ ምስሉን የጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዓይን የማይጎድለው

እመቃ ቀጥሎ የሚተማመነው በሰው ዓይን ተፈጥሮ ላይ ነው። ዓይን የብርሃንንና የጥላን ልዩነት አጥርቶ ያያል፤ የቀለምን ጥቃቅን ልዩነት ግን ያን ያህል አይለይም። በዚህ ምክንያት በተለመደው አሠራር የእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን ለየብቻ ሲመዘገብ፣ ቀለሙ ግን አራት ጎረቤት ነጥቦች እንዲጋሩት ይደረጋል። በዚህ እርምጃ ብቻ የመረጃው መጠን በግማሽ ይቀንሳል። ተመልካቹም ብዙውን ጊዜ የጎደለ ነገር አይታየውም።

ከዚያ ምስሉ ብሎክ ወደሚባሉ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፈላል። በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ያለው ይዘት ቀስ ብሎ የሚለወጠው ገጽታና በፍጥነት የሚለዋወጠው ጥቃቅን ዝርዝር ተብሎ ይለያል። ለዚህ የሚያገለግለውን የሒሳብ ስልት ያፈለቁት በህንድ የተወለዱት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ምሁር ናሲር አሕመድ ናቸው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ በ1972 ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን አቅርበው የምርምር ገንዘብ ቢከለከሉም ሥራውን አልተዉትም፤ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ በ1974 አሳተሙት። ዛሬ በስልክ የሚነሳው ፎቶም ሆነ በቴሌቪዥን የሚታየው ስርጭት በአብዛኛው የሚታመቀው በዚህ ስልት ወይም ከእርሱ በተወለዱ ስልቶች ነው።

ዝርዝሩ ከተለየ በኋላ ማጠጋጋት ይመጣል። ምርቱን በግራም የሚመዘግብ ሰው ብዙ ቁጥር ይጽፋል። በኪሎ የሚመዘግብ ያንሳል። በኩንታል ብቻ የሚመዘግብ ደግሞ ከኩንታል በታች ያለውን በሙሉ ይተዋል። እመቃም የምስሉን ዝርዝር እንዲሁ ያጠጋጋል። ኤች 264 በሚባለው በስፋት በሚሠራበት የእመቃ ደረጃ ይህ የማጠጋጋት መጠን ከ0 እስከ 51 በተሰጡ ቁጥሮች ይወሰናል፤ ቁጥሩ በ6 ከፍ ባለ ቁጥር የማጠጋጋቱ ስፋት እጥፍ ይሆናል። ስፋቱ ሲበዛ ጥቃቅኑ ዝርዝር ወደ ዜሮ ይጠጋና ይጠፋል። ቅጠሉ እንደ ተቀባ ግድግዳ ልሙጥ ይሆናል፤ የብሎኮቹ ጠርዝም እንደ ንጣፍ ድንጋይ ፍንትው ብሎ ይወጣል።

ሚዛኑ በቁጥር

አንድ ቪዲዮ በሰከንድ የሚፈቀድለት የመረጃ መጠን ቢትሬት ይባላል። የሚለካውም በሜጋ ቢት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ የኔትወርክ ፍጥነት በሜጋ ቢት ሲነገር የፋይል ክብደት የሚነገረው በሜጋ ባይት ነው። ስምንት ሜጋ ቢት አንድ ሜጋ ባይት ነው።

በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት የሚፈጅ ቪዲዮ በደቂቃ 30 ሜጋ ባይት ይመዝናል። አንድ ጊጋ ባይት ዳታ የገዛ ሰው ይህን ቪዲዮ 33 ደቂቃ ያህል ማየት ይችላል። ቢትሬቱ ወደ 1 ሜጋ ቢት ሲወርድ ያው አንድ ጊጋ ባይት 133 ደቂቃ ይቆያል። ወደ ግማሽ ሜጋ ቢት ሲወርድ 266 ደቂቃ ይሆናል። በመላክ በኩልም እንዲሁ ነው። በሰከንድ 17 ሜጋ ቢት የተቀረጸ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ 255 ሜጋ ባይት ይመዝናል፤ መላኪያው በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት በሆነበት ቦታ ለመድረስ 34 ደቂቃ ይፈጃል። በ2 ሜጋ ቢት የታመቀ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ግን 7 ነጥብ 5 ሜጋ ባይት ብቻ በመሆኑ በአንድ ደቂቃ ይደርሳል።

መጠኑ ሲጨምር ጥራቱ በእኩል ደረጃ አይጨምርም። ከግማሽ ሜጋ ቢት ወደ አንድ ሲታደግ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ከ8 ወደ 16 ሲታደግ ግን ወጪው እጥፍ ሆኖ ሳለ በስልክ ስክሪን ላይ ለውጡን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ማዳበሪያም ከልኩ ሲያልፍ ምርቱን በዚያው መጠን አይጨምርም፤ የቢትሬትም ነገር እንደዚሁ ነው።

ማሽኑ ዋግን አያውቅም

አርሶ አደሩን በቀጥታ የሚመለከተው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። እመቃ "ጥቃቅን ነገር ለተመልካች አይጎድልም" በሚል እምነት የተሠራ ነው። ለዜናና ለፊልም እምነቱ ትክክል ነው። በሰብል በሽታ ግን ዋናው መረጃ ያ ጥቃቅን ነገር ነው።

ቢጫ ዋግ የሚታወቀው በቅጠሉ ላይ በቀጭን መስመር በተደረደሩ ቢጫ ብናኞች ነው። የቅጠል ዋግ ተበታትኖ የሚታይ ብርቱካናማ ቡኒ ነጠብጣብ አለው። የግንድ ዋግ ደግሞ በግንዱ ላይ ረዘም ያለ ቀይ ቡኒ ቁስል ያሳያል። ልዩነቱ በቀለምና በአደራደር ነው። አራት ነጥቦች አንድ ቀለም ሲጋሩ ቀጭኑ ቢጫ መስመር ከአረንጓዴው ጋር ይቀላቀላል፤ ማጠጋጋቱ ሲበረታ ደግሞ የመስመሩ አደራደር ይጠፋል። ምስሉ ለዓይን ያማረ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ግን ከውስጡ ወጥቷል።

እ.ኤ.አ በ2017 ወደ ኢትዮጵያ የገባው መጤው የአሜሪካ ተምችም ሌላ ምሳሌ ነው። ትሉን ከሌሎች ለመለየት ባለሙያው ሁለት ምልክቶችን ይፈልጋል። አንዱ በጭንቅላቱ ላይ ያለው "ሰ" ፊደልን የሚመስል ነጣ ያለ መስመር ነው። ሁለተኛው ከጅራቱ አጠገብ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ናቸው። የትሉ ጭንቅላት ስፋት ቢበዛ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

አንድ ሰው አንድ ሜትር ተኩል የደረሰ በቆሎ ከሥር እስከ ጫፍ በ1080 ደረጃ ቢቀርጽ፣ 1920ዎቹ ነጥቦች በ1,500 ሚሊ ሜትር ላይ ይበተናሉ። ለትሉ ጭንቅላት የሚደርሰው 4 ነጥብ ብቻ ነው። በአራት ነጥብ "ሰ" አይጻፍም። ይኸው ሰው ወደ ትሉ ጠጋ ብሎ 20 ሳንቲ ሜትር ቦታ ብቻ ቢቀርጽ፣ በዝቅተኛው የ640 ነጥብ ደረጃ እንኳ ጭንቅላቱ 10 ያህል ነጥብ ያገኛል። በነጥብ ብዛት የሚበልጠው ቪዲዮ ከሩቅ ተቀርጾ ያላሳየውን፣ አነስተኛው ከቅርብ ተቀርጾ ያሳያል። ዳታውም ያንሳል።

ማሽኑ የትኛው የምስሉ ክፍል ፍሬ፣ የትኛው ገለባ እንደሆነ አያውቅም። የሚነግረው ቀራጩ ነው፤ የሚነግረውም በአቀራረጹ ነው።

ሁልጊዜ ግን ዝርዝር ይቅደም ማለት አይደለም። አንዲት ላም ስታነክስ ወይም ትንፋሿ ሲቆራረጥ የእንስሳት ሐኪሙ ሊያይ የሚፈልገው እንቅስቃሴዋን ነው። እዚህ ላይ የነጥቦች ብዛት ቢቀንስ ጉዳት የለውም፤ እርምጃዋ ሳይቆራረጥ መታየቱ ይበልጣል። ለቅጠል ምልክት ደግሞ ከረዥም ቪዲዮ ይልቅ ሁለትና ሦስት ጥርት ያሉ ፎቶዎች ብዙ ጊዜ ይበቃሉ።

ቅጂ ከቅጂ ሲገለበጥ

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ሆኖ ኖሯል። በእጅ መጽሐፍ የሚገለብጥ ሁሉ የሚያውቀው እውነት አለ፤ ከዋናው የተገለበጠ ቅጂ ስህተቱ ጥቂት ነው፤ ከቅጂው ቅጂ ላይ ሲገለበጥ ግን የቀደመው ስህተት እንዳለ ይወርዳል፣ አዲስም ይጨመርበታል።

ቪዲዮም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ የታመቀ ቪዲዮ ከአንዱ መተግበሪያ ወርዶ በሌላው ሲጫን እንደገና ይታመቃል። ሁለተኛው እመቃ የመጀመሪያውን ጉድለት እንደ እውነተኛ ምስል ቆጥሮ በላዩ ላይ ሌላ ጉድለት ይጨምራል። የስልኩን ስክሪን በሌላ ስልክ መቅረጽ ደግሞ የባሰ ነው። በቴሌግራም የደረሰን ቪዲዮ በዚያው በቴሌግራም ማስተላለፍ ግን ያንኑ ፋይል ማሳለፍ በመሆኑ ተጨማሪ ጉዳት አያመጣም።

ይህ ለከተማ ነዋሪም ይሠራል። የሠርግ ቪዲዮውን ውጭ አገር ላለ ወንድሙ በመልእክት መተግበሪያ ልኮ ዋናውን ከስልኩ ያጠፋ ሰው፣ በእጁ የሚቀረው የታመቀው ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ በትልቅ ስክሪን ሊያየው ሲሻ የጎደለውን የሚመልስ መሣሪያ የለም። አንዳንድ መተግበሪያዎች ምስሉን አጥርተው ያሳያሉ፤ የሚጨምሩት ግን በግምት የተሳለ እንጂ የጠፋውን ራሱን አይደለም። በበሽታ ምርመራ ላይ ደግሞ ግምት አደጋ ነው።

በፕሮጀክተርና በቴሌቪዥን

በቪዲዮ የሚሰጥ የግብርና ትምህርት በክልሉ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2006 በህንድ በማይክሮሶፍት የምርምር ማዕከል የተጀመረውና ኋላ ራሱን የቻለው ዲጂታል ግሪን የተባለ ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመሆን አማራን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች ሠርቷል። የአካባቢው አርሶ አደሮች ራሳቸው የሚታዩባቸው አጫጭር ቪዲዮዎች በባትሪ በሚሠሩ ትንንሽ ፕሮጀክተሮች ለአርሶ አደር ቡድኖች ይታያሉ፤ የግብርና ባለሙያውም መሐል ላይ እያቆመ ያወያያል። ኢንተርኔት በሌለበት ቀበሌ ቪዲዮው በሚሞሪ ካርድ ይደርሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ፕሮጀክተር ከሚያሳየው ነጥብ በላይ የሆነ ቪዲዮ መጫን ትርፍ የለውም፤ ካርዱን ይሞላል እንጂ ግድግዳው ላይ የሚጨምረው አይኖርም።

የእመቃ ስልቶች እየተሻሻሉ መጥተዋል። ኤች 264 እ.ኤ.አ በ2003 ጸደቀ። እ.ኤ.አ በ2013 የጸደቀው ኤች 265 ተመሳሳይ ጥራትን በግማሽ ገደማ መጠን ለማድረስ የተሠራ ነው። ቁጠባው ግን ነፃ አይደለም፤ አዲሱ ስልት ለማመቅም ለመክፈትም ብዙ ስሌት ይጠይቃል። ያረጁ ስልኮች አንዳንዴ አይከፍቱትም፤ የሚከፍቱትም ባትሪያቸውን ቶሎ ይጨርሳሉ። መብራት በማይደርስበት ቦታ ይህ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ስለዚህ ለብዙ ሰው የሚበተን ትምህርታዊ ቪዲዮ በኤች 264 ቢዘጋጅ በአብዛኛው ስልክ ላይ ይከፈታል።

በሳተላይት የሚመጣ የቴሌቪዥን ስርጭትም የታመቀ ነው፤ አንድ የሳተላይት መስመር ለብዙ ጣቢያዎች ይከፋፈላልና። ዝናብ ሲጥል ምስሉ በአራት ማዕዘን ተቆራርጦ ቀጥ ማለቱ ግን የእመቃ ጉድለት አይደለም። ከባድ ዝናብ ምልክቱን ያዳክመዋል፤ ከመረጃው ከፊሉ ሳይደርስ ይቀራል። ቀጣዮቹ ፍሬሞች "ካለፈው ይህን ውሰድ" ስለሚሉ፣ ያለፈው ከጎደለ ጉድለቱ አዲስ ሙሉ ፍሬም እስኪመጣ ይዘልቃል።

በማሳ ላይ ምን ይደረግ?

ከላይ ከተባለው የሚወጣው ምክር ስልክ ለውጡ ወይም ብዙ ዳታ ግዙ የሚል አይደለም።

መጀመሪያ ቀራጩ ሊያሳይ የፈለገውን አንድ ነገር ይለይ፤ ወደ እርሱም ይጠጋ። ሙሉው ማሳ በአንድ ፎቶ፣ የታመመው ተክል በሌላ፣ ምልክቱ ያለበት ቅጠል ደግሞ ከቅርብ በሦስተኛው ቢነሳ ለባለሙያው የተሟላ መረጃ ነው። ለመጠን ማነጻጸሪያ ባለ አንድ ብር ሳንቲም ከቅጠሉ ጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ ስልኩ አይንቀሳቀስ። ክርንን ከጎን ማስጠጋት ወይም ስልኩን በዱላ ጫፍ ላይ ማስደገፍ እጅን ያረጋጋል። ነፋስ ካለ ቅጠሉን በእጅ ይዞ ከበስተኋላው ደብተር ወይም መዳፍ ማድረግ ይገባል። የሚወዛወዘው ማሳ ከምስሉ ሲወጣ መረጃው በሙሉ ለቅጠሉ ይውላል።

ሦስተኛ፣ ብርሃን ይኑር። በጨለማ የተቀረጸ ቪዲዮ በራሱ በካሜራው ስሜት የሚፈጠር ነጠብጣብ ይበዛበታል፤ እመቃውም ያንን ነጠብጣብ ለመያዝ መረጃ ያባክናል።

አራተኛ፣ አጭር ይሁን። የሃያ ሰከንድ ቪዲዮ በጥሩ ጥራት፣ ከሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በደካማ ጥራት ይሻላል። ታሪኩን በድምፅ መናገር ይቻላል፤ የሰው ድምፅ ከምስል ጋር ሲነጻጸር የሚይዘው ቦታ እጅግ ትንሽ ነው። በሽታው መቼ እንደታየ፣ ምን ዓይነት ዘር እንደተዘራ፣ ምን እንደተረጨ በድምፅ ቢነገር ወጪው አይከብድም።

አምስተኛ፣ ጥርት ያለ ዝርዝር የሚያስፈልገው ፎቶ ወይም አጭር ቪዲዮ በቴሌግራም "እንደ ፋይል" ሊላክ ይችላል፤ በዚህ መንገድ መተግበሪያው ሳያምቀው ያደርሰዋል። ክብደቱ ስለሚጨምር ለተመረጠው አንድ ምስል ብቻ ማዋል ይበቃል። የቀሩት እንደተለመደው ታምቀው ይሂዱ።

በአውድማ ላይ መንሹን ከማንሳቱ በፊት አርሶ አደሩ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣና ምን ያህል እንደበረታ ያያል። ለማሽላ የሚመቸው ነፋስ ለጤፍ እንደማይመች ያውቃል። በስልክ የሚላክ ምስልም ይኸው ማስተዋል ይገባዋል። የቀበሌው ባለሙያ ከወረዳው ወይም በዚሁ ጎዳና በሰሜን ወሎ ከሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል መልስ እስኪያገኝ ድረስ ደግሞ ዋናውን ምስል ከስልኩ አያጥፋ፤ "ጠጋ ብሎ የተነሳ ሌላ አለ?" የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላልና።